ቀይ ክር ያለባቸው ሰባቱ

ሰባተኛው ከሁሉም ወፍራም ነበር። መቀሱ አልበላው ሲል ፍንጭት መሰላሉ ላይ እንደቆመች መጋዙን አንስታ ትገዘግዘው ጀመር። ብናኙ አፍንጫዋ ውስጥ ገብቶ አስነጠሳት። ቅርንጫፉ መጀመሪያ ተሰነጠቀ፤ ከዚያ የተሸከመውን ሐረግ ሁሉ ይዞ፣ ከቆርቆሮው ጠርዝ ላይ እየተንሸራተተ፣ ግቢው ውስጥ ተዘረገፈ።

«አለቀ» አለች ለራሷ።

ገና ሦስት ሰዓት ተኩል አልሆነም። ቅዳሜዋን ሙሉ ይበላብኛል ብላ የፈራችው ሥራ አንድ ሰዓት እንኳ አልፈጀም። አያቷ ትናንት ሊመሽ ሲል ግድግዳው ሥር ቆመው፣ ቅርንጫፎቹን አንድ በአንድ እየዳሰሱ፣ ሰባቱ ላይ ቀይ ክር አስረው ነበር። እሷም ሰባቱን ቆረጠች። ይኸው ነው። አሁን ተጣጥባ ጓደኛዋ ቀጮ ቤት ለመሄድ ሰዓቱ ይበቃታል።

ፍንጭት የመዝገብ ስሟ አይደለም። ከፊት ጥርሶቿ መሃል ባለው ክፍተት የተነሳ አያቷ ገና በሕፃንነቷ ያወጡላት ነው፤ ዛሬ አሥራ አምስት ዓመት ሞልቷት እንኳ ከአስተማሪዎቿ በቀር በሌላ ስም የሚጠራት የለም።

ሐረጉ የፊት ለፊቱን ክፍል መስኮት ከሸፈነ ሁለት ዓመት አልፎታል። በዓመት አንዴ፣ ለሦስት ሳምንት ያህል፣ በሐምራዊ አበባ ይሞላና መንገደኛው ሁሉ አጥሩ ሥር እየቆመ ፎቶ ይነሳል። የቀረውን ዓመት አሸንዳውን ይደፍናል፣ ቆርቆሮውን ይፈነቅላል፣ ብርሃኑን ይጋርዳል። ከመስኮቱ ጀርባ ደግሞ የአያቷ የስፌት ማሽን አለ። አያቷ ልብስ ሰፊ ናቸው። ሱቃቸውን ከዘጉ ቆይተዋል፤ ግን ሰፈሩ አሁንም የተቀደደውን፣ የጠበበውን፣ የረዘመውን ይዞ ይመጣል፤ እሳቸውም እዚያ ጨለማ ክፍል ውስጥ ተጎንብሰው ይሠራሉ።

ባለፈው ወር ግን ለአንድ አስተማሪ ሱሪ ሲያሳጥሩ አንዱን እግር ከሌላው ሦስት ጣት አሳጥረው ሰጡት። ከዚያ ወዲህ እናቷ ከአጎቷ ጋር በስልክ ስታወራ ድምጿን ዝቅ ታደርጋለች። ፍንጭት ሰምታለች። አጎቷ ማሽኑ ይነሳ፣ አባዬም እኔ ቤት ይግቡ ባይ ነው። እናቷ ደግሞ «መጀመሪያ መስኮቱ ይከፈትና እስቲ እንያቸው። ብርሃን አጥተው እንደሆነስ?» እያለች ታቆየዋለች።

አሁን መስኮቱ ተከፍቷል። ፍንጭት ከመሰላሉ ወርዳ መዳፎቿን ሱሪዋ ላይ ጠረገች። መስታወቱ ውስጥ ማሽኑ፣ ወንበሩ፣ የክር ሳጥኑ ሁሉ ይታያል።

የግቢው በር ተንቋቋ። አያቷ ለጎረቤቷ ነርስ የጠገኑትን ቀሚስ አድርሰው መመለሳቸው ነው።

«አባባ፣ ጨረስኩ እኮ» አለቻቸው።

አያቷ ዓይናቸው ደከም ስላለ ወደ ወደቀው ሐረግ ተጠግተው ጎንበስ አሉ፤ እጃቸውን ቅጠሉ ውስጥ ከተቱና አንዱን ቅርንጫፍ ስበው አወጡ። ጣቶቻቸው ግንዱን ተከትለው ሄደው ክሩ ላይ ቆሙ።

«ይሄ ክር አለው» አሉ።

«አዎ።»

ሌላውን አነሱ። «ይሄም አለው።»

አያቷ ሰባቱንም አንድ በአንድ ፈልገው አገኟቸው፤ እንደ ልክ ጨርቅ ጎን ለጎን መሬት ላይ አጋደሟቸው። ከዚያ በአውራ ጣታቸው ጥፍር የአንዱን ልጥ ጫር አደረጉት። ከሥሩ አረንጓዴ ወጣ።

«እርጥብ ነው» አሉ፤ ለማንም ሳይሆን።

እናቷ እጇ በሳሙና አረፋ እንደተሸፈነ ከጓዳ ወጣች። «ምነው? ምን ሆነ?»

አያቷ ቀና አሉ። ፊታቸው ላይ ቁጣ አልነበረም። አንድ ነገር የት እንዳስቀመጠ ለማስታወስ እንደሚሞክር ሰው ነበር የሚያዩት። «ፍንጭቴ፣ ክር ያለባቸውን እንዳትነኪ ብዬሽ አልነበረም? የሚቆረጠውማ ስፍር ቁጥር የለው፣ የሚቀሩትን ነው ያሰርኳቸው። አበባው የሚወጣው ባምናው እንጨት ላይ ነው ብዬሽ…»

የፍንጭት ጆሮ ጋለ። ጠዋት ደረጃው ላይ ተቀምጣ ለቀጮ በስልክ የድምፅ መልእክት ስትልክ አያቷ ከኋላዋ ቆመው የሆነ ነገር ሲናገሩ ነበር። እሷም «እሺ አባባ» ብላቸዋለች። ሁለቴም ሦስቴም ብላቸዋለች። ከተናገሩት ግን አንድ ቃል አልያዘችም። መሰላሉ ላይ ወጥታ ክሩን ስታይ የሚቆረጠው ይሄ ነው ብላ አሰበች፤ ምልክት የሚደረግበት ነገር ሁሉ የሚቆረጥ መስሏት።

«አልሰማሁም ነበር» ማለት ብቻ ነበር የሚጠበቅባት። ግን የእናቷ ዓይን ቀጥ ብሎ ኪሷ ውስጥ ወደሚታየው ስልክ ሲሄድ አየች። ባለፈው ሳምንት በምግብ ጠረጴዛ ላይ «አንድ ቀን ደግሞ ሰው እያናገረሽ እሱን ስትነካኪ ካገኘሁሽ፣ ከእጅሽ ይወጣል» ተብላለች።

«ክር ያለባቸውን ቁረጪ ነው ያሉኝ» አለች።

አያቷ አዩዋት። ቢቆጡ፣ ቢከራከሩ፣ «ኧረ ተይ» ቢሉ ኖሮ ያኔውኑ አምና ትገላገል ነበር። እሳቸው ግን መልሰው እጃቸውን ተመለከቱ፤ ክሩን ያሰረው ያ እጅ መሆኑን የተጠራጠሩ ይመስል።

«ብዬ ይሆናላ» አሉ በመጨረሻ። «ቁረጪ ብዬ ይሆናል።»

እናቷ አያቷን አየቻቸው፤ ወዲያው ደግሞ ዓይኗን ወደ እርጥብ እጇ መለሰች። ፍንጭት ያንን ፊት ታውቀዋለች። የአስተማሪው ሱሪ የተመለሰ ዕለትም ይኸው ፊት ነበር።

በዚያ ቅዳሜ ቀጮ ቤት አልሄደችም። «አሞኛል» ብላ ጻፈችላት።

ከዚያ በኋላ የፊት ለፊቱ ክፍል ከጠዋት እስከ ማታ በብርሃን ተሞልቶ ይውል ጀመር፤ ማሽኑ ግን ከነሽፋኑ ነው። አያቷ ወንበራቸው ላይ ተቀምጠው እጃቸውን ጭናቸው ላይ አጣምረው ውጭ ውጭውን ያያሉ። ግድግዳው ላይ የቀሩት ቀጫጭን ለጋ ቅርንጫፎች በንፋስ ይወዛወዛሉ። በመጪው ዓመት አበባ እንደሌለ፣ ምናልባት ከዚያም በኋላ ባለው እንደሌለ፣ እናቷ ጠይቃቸው ነግረዋታል። ስለ ክሩ ግን ደግመው አላነሱም።

ሰኞ ማታ ነርሷ ነጭ ጋዎኗን ይዛ መጣች። ኪሱ ተተርትሯል።

«ሌላ ጋ ውሰጂው ልጄ» አሏት። «ሰሞኑን ልቤ እዚህ አይደለም።»

«ኪስ እኮ ነው አባባ። ኪስ ለመስፋት ልብ ምን ያደርጋል?»

«በጀርባ በኩል ሰፍቼልሽ ሕመምተኛ ፊት መሳቂያ ብትሆኚስ?»

ነርሷ ሳቀች፤ እሳቸውም ፈገግ አሉ፤ ግን ጋዎኑን መልሰው በእጇ አስያዟት። ኮሪደሩ ላይ ቆማ የምታይ የነበረችው ፍንጭት ወደ መኝታ ቤቷ ገባች። መጽሐፍ ገለጠች። አንድ ገጽ አራት ጊዜ አንብባ ምን እንደሚል አላወቀችም።

ከዚህ ሁሉ የከበዳት ግን ማክሰኞ የሆነው ነው። አያቷ ሱቅ ላኳት።

«ሁለት ዳቦ፣ አንድ ክብሪት» አሏት። በር ላይ ስትደርስ ጠሯት። «ምን አልኩሽ?»

«ሁለት ዳቦ፣ አንድ ክብሪት።»

«እንደዚያ ነው ያልኩት?»

«እንደዚያ ነው አባባ።»

ራሳቸውን ነቀነቁ። ፊታቸው ላይ የታየው እፎይታ ትንሽ ነበር፤ ፈተና አልፎ ውጤቱን ደብቆ እንደሚይዝ ልጅ ያለ። ከዚያ ቀን ጀምሮ የሚሏትን ሁሉ ያስደግሟት ጀመር። እሷም ትደግምላቸዋለች። አንዱንም አልሳቱም።

ረቡዕ ትምህርት ቤት በእረፍት ሰዓት ቀጮና ሁለት ልጆች ቧንቧው አጠገብ ያለው አግዳሚ ላይ ተቀምጠው የቀጮ ስልክ ላይ አጎንብሰው ሲንፈቀፈቁ አገኘቻቸው።

«ነይ ነይ» አለች ቀጮ። «ያቺን ሽመላ ያልሽባትን ቮይስ እያሰማኋቸው ነው። አቦ አንቺ ልጅ፣ አስር ጊዜ ሰማሁት።»

«የቷን?»

«የቅዳሜዋን ነዋ። ሙድ የያዝሽባትን።»

ቀጮ እንደገና አስጀመረችው። የፍንጭት ድምፅ ከስልኩ ወጣ፤ ቀጭን፣ ደስተኛ፣ የራሷ የማይመስል።

«ስሚኝማ፣ ሽማግሌው ደግሞ ስለ ሐረግ ሌክቸር ጀምሯል። በየቅርንጫፉ ክር ሲያስር አምሽቶ ግቢውን የጨርቅ ሱቅ አስመሰለው። ሱሪ ቆርጦ ቲቸሩን ሽመላ ያደረገው አይበቃ፣ አሁን ደግሞ ሐረጉ ተረኛ ነው። በቃ ፈዟል እኮ፣ አንዱን ነገር መቶ ጊዜ…»

ልጆቹ ሳቁ። ፍንጭት ግን ሳቁን አልሰማችም። ከራሷ ድምፅ ጀርባ፣ ራቅ ብሎ፣ ግን ጥርት ብሎ፣ ሌላ ድምፅ መጣ።

«ፍንጭቴ፣ ስሚኝ እንጂ። ቀይ ክር ያለባቸውን ሰባቱን እንዳትነኪያቸው። የሚያብቡት እነሱ ናቸው። ሌላውን ሁሉ ቁረጪ። ሰማሽ?»

«እሺ አባባ፣ እሺ» ይላል የእሷ ድምፅ። ከዚያ ትንሽ ሳቅ፤ ከዚያ ያበቃል።

«ምን ሆንሽ?» አለች ቀጮ። «ፊትሽ ተለወጠ እኮ።»

«አጥፊው።»

«እንዴ፣ ምን ሼም አለው? ቀልድ ነው እኮ።»

«አጥፊው አልኩሽ። እባክሽ።»

ቀጮ ትከሻዋን ሰብቃ አጠፋችው። «ይኸው። ካንቺ ስልክ ግን እኔ አላጠፋልሽም።»

ማታ አልጋዋ ላይ ሆና መልእክቱን ፈልጋ አገኘችው። ሃያ ስድስት ሰከንድ ነው። አሥራ አራቱ የእሷ ነው። የአያቷ ድምፅ ከአሥራ አራተኛው ሰከንድ ይጀምራል። ጣቷን ማጥፊያው ላይ አስቀምጣ ብዙ ቆየች። ካጠፋችው፣ ያን ጠዋት የተባለውን የሚያውቅ ሁለት ሰው ብቻ ይቀራል፤ ከሁለቱ አንዱ ደግሞ ራሱን ማመን ትቷል። ስልኩን በደረቱ ደፍታ ትራስ ሥር ከተተችው። ሐሙስም ዓርብም በየማታው እያወጣች አየችው። አላጠፋችውም፤ ለማንም አልተናገረችም። ቅዳሜ ቁርስ ላይ አያቷ ሻይ ሲቀዱላት «ስኳር ጨመርኩልሽ ወይስ አልጨመርኩም?» ብለው ሲጠይቋት እንባዋ ስለመጣ ተነሥታ ፊቷን ልትታጠብ ሄደች።

እሑድ አጎቷ መጣ። ዕቃ የሚጭን መኪና ከሥራ ቦታው ተውሶ በሩ ላይ አቁሞታል። አጎቷ ክፉ ሰው አይደለም። ሲመጣ ሁልጊዜ ቀልድ ይዞ ነው የሚመጣው፤ የዛሬውንም በቀልድ ሊያልፈው ፈልጓል።

«አባዬ፣ እኛ ሕንፃ ላይ እኮ አሳንሰር አለ» አለ፣ ከማሽኑ አጠገብ ቆሞ። «አራተኛ ፎቅ ቢሆንም መድከም የለም። ቁልፍ መጫን ብቻ ነው።»

«ቁልፉን ተሳስቼ ብጫንስ?» አሉ አያቷ።

አጎቷ ሊስቅ አፉን ከፈተና ተወው። እናቷ መስኮቱ አጠገብ ጀርባዋን ሰጥታ ቆማለች። «ማንም አያስገድድዎትም አባዬ» አለች ዞር ሳትል። «ካልፈለጉ ይቅር።»

«ኧረ ይሁን። ልጆቹ እንዳሉት ይሁን። የሰው ጨርቅ አበላሽቼ ከምሰደብ።» አያቷ እጃቸውን ሰደው የማሽኑን ሽፋን አስተካከሉት፤ አንድ ጊዜ መታ መታ አደረጉት። «መርፌው ላይ ጠንቀቅ በሉ ስታነሱት። የተሰካ ነው።»

አጎቷ እጅጌውን ሰበሰበ።

ፍንጭት በሩ ላይ ቆማ ነበር። «ጋሼ፣ ቆይ» አለች። «እኔ ነኝ የተሳሳትኩት። አባባ እንዳትነኪያቸው ነው ያሉኝ። ክር ያለባቸውን ተያቸው ነው ያሉኝ። እኔ ስልክ ላይ ስለነበርኩ አልሰማኋቸውም።»

አጎቷ ወደ እሷ መጥቶ እጁን ትከሻዋ ላይ ጣለ።

«አየሻት?» አለ ለእናቷ፤ ዓይኑ እርጥብ ብሏል። «አንጀት እኮ ነው የምትበላው። ለአያቷ ስትል ጥፋቱን ወደራሷ ልትስበው።»

«ለሳቸው ብዬ አይደለም።»

«ገባኝ የኔ ቆንጆ። እኛም እንወዳቸዋለን። የትም አይሄዱም፤ በየሳምንቱ ታያቸዋለሽ።»

እናቷ ዞር ብላ ለረጅም ጊዜ አየቻት፤ ያመነች አትመስልም፤ ያላመነችም አትመስልም። ያኔ አያቷ እጃቸውን ዘረጉ፤ ፍንጭት ስትጠጋቸው ጉንጯን ዳበሱት።

«ተይ ልጄ» አሉ በቀስታ። «ለኔ ብለሽ አትዋሺ። ያልኩትን አንቺ ያን ዕለት ነግረሽኛል፤ አምኛለሁ። ማርጀት ኃጢአት አይደለም።»

ፍንጭት ሳምንቱን ሙሉ እውነቱን ስትናገር የሚሆነውን ስታስብ ነበር። እናቷ ስትቆጣት አስባለች። ስልኩን ስትነጠቅ አስባለች። አያቷ ዝም ሲሏትም አስባለች። ደግ ልጅ እንደምትባል ግን አላሰበችም። የአያቷ መዳፍ ጉንጯ ላይ ሻካራና ሞቃት ነበር፤ ለዓመታት መርፌ የወጋው ጣት። ከዚያ መዳፍ ሥር ሆና መሬቱ ቢውጣት በወደደች።

እጃቸውን ቀስ ብላ አወረደችው። ስልኳን ከኪሷ አወጣች።

«አሁን ደግሞ ምንድን ነው እሱ?» አለች እናቷ።

«የዚያን ዕለት ጠዋት ለቀጮ የላክሁላት ቮይስ ነው። አባባ ሲነግሩኝ ድምፃቸው ገብቷል።»

አጎቷ ወደ ማሽኑ የዘረጋውን እጁን መለሰ። አያቷ በወንበራቸው ላይ ቀጥ ብለው ተቀመጡ።

መልእክቱን ከፈተችው። በአውራ ጣቷ ነጥቧን በመስመሩ ላይ ገፋቻት፤ አሥር፣ አሥራ ሁለት፣ አሥራ አራት። ከዚህ ብታስጀምረው የሚሰማው የእሳቸው ድምፅ ብቻ ነው። ሰባቱን እንዳትነኪያቸው። ሰማሽ? ማሽኑ ባለበት ይቀራል፤ አያቷም ያሉትን እንዳሉ ያውቃሉ፤ ሽመላውንና ሽማግሌውን ግን ማንም አይሰማም። ጣቷ እዚያው ላይ ቆመ።

አያቷ በብርሃኑ ውስጥ ዓይናቸውን ጨፈን ጨፈን እያደረጉ ይጠብቃሉ። ምን እንደሚሰሙ አያውቁም።

«አባባ» አለች። «መጀመሪያ የሚሰማው የኔ ድምፅ ነው። ስለ እርስዎ ነው የማወራው። ጥሩ ነገር አይደለም።»

«እንግዲህ እንስማው» አሉ።

ስልኩን ማሽኑ ጠረጴዛ ላይ፣ ለእሳቸው ቅርብ በሆነው በኩል አስቀመጠችው። ድምፁን እስከ መጨረሻው ጨመረችው። ከዚያ ነጥቧን ከአሥራ አራተኛው ሰከንድ ወደ መጀመሪያው ሳበቻትና ከፈተችው።